መሀረቡ ሳይፈታ

የደሴቲቱን ስም አልናገርም። ሳይማ ሐይቅ ላይ ደሴት ሞልቷል፤ የቸገረው አንድ በአንድ እየዞረ ይፈልጋት። እኛ አገር ሰው ከማን ጋር እንደተጣላ፣ ሐኪም ምን እንዳለው፣ ልጁ ለምን እንደተፋታች ሊነግርህ ይችላል፤ እንጉዳይ ከየት እንደሚለቅም ግን አይነግርህም። አንተም አትጠይቀውም። ጎረቤትህ ቅርጫቱን በቢጫ እንጉዳይ ሞልቶ ሲያልፍ ብታገኘው፣ "ዘንድሮ ዝናቡ ጥሩ ነበር" ትለዋለህ። እሱም "አዎ፣ ጥሩ ነበር" ይልሃል። ከዚያ ያለፈ ጥያቄ ሰው ኪስ ውስጥ እጅ እንደመክተት ይቆጠራል።

ቢጫው እንጉዳይ በየዓመቱ እዚያው ቦታ ነው የሚወጣው፤ ቦታውን አንዴ ያወቀ ዕድሜ ልኩን ያውቃል። የሚተላለፈውም ከወላጅ ወደ ልጅ ነው፤ እሱም ወላጅ ጉልበቱ ሲከዳው። አባቴን ኦይቫን ግን የከዳው ጉልበቱ አይደለም። ሰማንያ አልፎትም እንጨት ይፈልጣል፣ ይዋኛል፣ ጀልባ ይነዳል። እኔን ልጁን ግን ከፋሲካ ወዲህ አይላ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም።

ሰኞ ወደ አረጋውያን ቤት ልናስገባው ነበር። በገዛ እጁ የሠራትን ጀልባም የሚወስዳት ሰው ተገኝቶላታል። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ነፋሱ መልካም ሆኖ ሳየው፣ ጥቁር ዳቦና በጭስ የበሰለ ዓሣ ቋጠርኩ፤ አሬራም በጠርሙስ ያዝኩ፤ ይዤው ወደ ሐይቁ ወረድኩ። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ የእንጉዳዩን ቦታ እንዲያሳየኝ። እንጉዳይ አጥቼ አይደለም፤ ገበያ ላይ ሞልቷል። ልጁ መሆኔን አውቆ፣ "ይኸው፣ ከእንግዲህ ያንቺ ነው" ብሎ እንዲሰጠኝ ነበር የጓጓሁት። ጎረቤቶቼ ሁሉ ከአባት ከእናታቸው ተቀብለዋል። እኔ ሥልሳ ዓመት አልፎኝ ገና ባዶ እጄን ነኝ።

ልጄ ኦቶ ደግሞ እንደ ዘመኑ ልጅ መላ ነግሮኛል። "እማዬ፣ ቦታው ላይ ስትደርሺ ስልክሽን ኪስሽ ውስጥ እንዳለ ጎኑ ላይ ያለችውን ጉብ ያለች ነገር ጫን አድርጊያት፤ ካርታው ላይ ምልክት ያደርግልሻል። አያቴ ቢረሳ ስልኩ አይረሳም" አለኝ። ነገሩ ደስ ባይለኝም ስልኩን የሱሪዬ ኪስ ውስጥ ከተትኩት።

ለነገሩ ቦታውን ልጅ ሳለሁ ብዙ ጊዜ ረግጬዋለሁ፤ አላየሁትም እንጂ። የልጅ ነገር አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ ነው፤ አባቴ ትምህርት ቤት ሄጄ እንዳልቀባጥር ስለፈራ፣ ከጀልባ ወርደን ጫካው አፍ ላይ ስንደርስ ቀዩን ሰፊ መሀረቡን ከኪሱ ያወጣና ዓይኔን ያስረኝ ነበር። እጄን ይዞ ይወስደኛል። እዚያም ዓይኔ እንደታሰረ በዳበሳ እለቅማለሁ። ሲበቃን ሐይቁ ዳር መልሶ ያመጣኝና፣ ፊቴን ወደ ውሃው አዙሮ ይፈታልኛል። ሌላ አገር ቢሆን ጉድ ይባል ይሆናል፤ እኛ ዘንድ ጠንቃቃ አባት ያሰኛል እንጂ አያስወቅስም። በኋላ አደግሁና ከተማ ገባሁ፤ ሥራው፣ ባሉ፣ ልጁ ተከታተለ፤ በጋውም በየዓመቱ እያጠረ ሄደ። መሀረቡ የሚፈታበት ቀን ሳይደርስ ቀረ።

ያን ቅዳሜ የጀልባዋን መሪ የያዘው እሱ ነው። መሬት ላይ ሸሚዙን መቆለፍ የሚያቅተው ሰው፣ ሸራው ሲወጠር ወገቡ ቀጥ፣ ዓይኑም ንቅት አለ።

"ወይዘሮ ላህያ፣ ራስዎን ዝቅ ያድርጉ፤ ሸራው ሊዞር ነው" አለኝ።

ላህያ የጎረቤታችን የኩስቲ ሚስት ናት። ኩስቲ ደግሞ ዓሣ የሚያጠምድ እየመሰለ ዕድሜውን ሙሉ የአባቴን ጀልባ በሩቁ ሲከተል የኖረ፣ አንድም ቀን ያልተሳካለት ምስኪን ሰው ነው። ላህያ ጠጉሯ ነጭ ነው፤ የእኔም ነጭ ነው። መቼም ከሰው ሁሉ መርጦ እሷን አደረገኝ።

"ላህያ አይደለሁም፣ አባዬ። አይላ ነኝ።"

"አይላን ያውቋታል?"

"አውቃታለሁ።"

"ጎበዝ ልጅ ናት" አለ ወደ ሸራው አንጋጦ። "ምላሷ ነው እንጂ። ሆዷ ውስጥ ነገር አያድርም።"

ሳቄ መጣ። ለሰው ሲያማኝ እንኳ ድምፁ ውስጥ ፍቅር ነበረበት፤ እኔ ግን "እርስዎ" ነኝ።

"ኩስቲ ነው የላከዎት?" ሲል ጠየቀኝ ጥቂት ቆይቶ።

"ማንም አልላከኝም።"

"ግድ የለም፣ ይንገሩልኝ። ኦይቫ ገና አልጃጀም ይበሉት።"

"እሺ፣ እነግረዋለሁ።"

"ደግሞ መረቡን ይጠግን ይበሉት። በዚያ ቀዳዳ መረብ እንኳን ዓሣ ጥርጣሬም አይያዝም።"

ደሴቲቱ ጋ ስንደርስ መልሕቁን ከኋላ ጣለ፤ የጀልባዋን አፍንጫ ወደ ድንጋዩ አስጠግቶ ዘሎ ወረደና ገመዱን ጥድ ላይ አሰረ። ቋጠሮውን ሲቋጥር እጁን አላየም። እኔ ቀርቼ ገመዱ መታወሱ አስቀናኝ፤ በቋጠሮ የሚቀና ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ሁልጊዜም መጀመሪያ መዋኘት ነው። ሸሚዙን ልፈታለት ስጠጋ ደረቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

"ኧረ ወይዘሮ ላህያ! ባልዎ ቢያይ ምን ይላል?"

"ባሌ መረብ እየጠገነ ነው፤ አያይም" አልኩት።

ከት ብሎ ሳቀ፤ ቁልፎቹንም ፈታሁለት። ከድንጋዩ ጫፍ ሲገባ ብዙም አልተንቦጫረቀም። የሳይማ ውሃ ከላይ ለብ ይላል፤ እግርህን ዝቅ ስታደርግ ግን ቅዝቃዜው ቁርጭምጭሚትህን ይይዝሃል። አባቴ በጀርባው ተንሳፎ ዓይኑን ጨፈነ። ውሃ ውስጥ የማንንም ስም ማስታወስ አያስፈልግም፤ ማንም አንተ ማን ነህ ብሎ አይጠይቅም፤ ለዚህ ይመስለኛል ፊቱ እንደ ጥንቱ የሆነው። እኔ አጠገቡ እየዋኘሁ አለቀስኩ። ለማልቀስ ሐይቅ ጥሩ ቦታ ነው፤ ሁሉም ፊት እርጥብ ስለሆነ ምን ሆነህ የሚልህ የለም።

ወጥተን ልብሳችንን ለብሰን ዳቦውን በዓሣ በላን። ፊቱን በቀዩ መሀረብ አደራርቆ እንዲደርቅ ቅርንጫፍ ላይ ሰቀለው፤ ያው የድሮው መሀረብ ነው፤ ከመታጠብ ብዛት ቀለሙ ለቋል። ከቤት ይዞት የመጣውን የእንጉዳይ ቅርጫት እጀታ ግን ከእጁ አልለቀቀም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ አባቴ ሞኝ ሆኖ አያውቅም፤ ቅርጫቱን የያዘው ምን እንዳለው ስለሚያውቅ ነው። ያን ጊዜ የማይጠየቀውን ጠየቅሁ።

"አባዬ፣ እንጉዳዩ የት ነው?"

ማኘኩን አቆመ። ቀና ብሎ ሲያየኝ እኔ ነኝ ያፈርኩት። ከዚያ ፈገግ አለና በጨዋ ደንብ በእጁ አመለከተኝ።

"በዚህ ወደ ግራ ይሂዱ፤ የወደቀውን ግንድ አልፈው ዝቅ ይበሉ። ሞልቶልዎታል። እኔ እግሬን ስላመመኝ እዚሁ ልቆይ።"

ሄድኩ። ዕድሜና ትምህርት ሰውን ሞኝ ከመሆን አያድኑትም። ግንዱን አልፌ ዝቅ ስል ረግረግ ውስጥ እስከ ጉልበቴ ጠለቅሁ፤ አንድ ጫማዬን ጭቃው ዋጠው፤ ትንኝ አንገቴ ላይ ድግስ ደገሰ። ያገኘሁት ጥቂት ሰማያዊ የጫካ ፍሬ ብቻ ነው፤ በንዴት በእፍኜ እየዘገንኩ በላሁት። ጫማዬን በግድ መንጭቄ አውጥቼ እየተንጠባጠብኩ ስመለስ፣ አባቴ ድንጋዩ ላይ ተዝናንቶ ተቀምጧል።

"አገኙ?"

"አላገኘሁም።"

"ዘንድሮ ዝናቡ ጥሩ አልነበረም" አለኝ፤ ዓይኑ እየሳቀ።

ያን ጊዜ ትዕግሥቴ አለቀ። "አባዬ!" ብዬ ጮህኩ። "እኔ አይላ ነኝ! ልጅህ ነኝ! ሰኞ የአረጋውያን ቤት ትገባለህ፤ ጀልባዋም ትሄዳለች፤ ከዛሬ ሌላ ቀን የለንም! ለማን ነው የምትደብቀው? ከኔ ሌላ ለማን?"

ደነገጠ። ቅርጫቱን ደረቱ ላይ ለጥፎ ወደኋላ ሸሸ።

"እኔ ለልጄ ነው የማስቀምጠው" አለ ቀስ ብሎ። "እባክዎ አይጮሁብኝ። ልጄ ትንሽ ናት። እርስዎ ሲጮሁ ትፈራለች።"

ድንጋዩ ላይ ዘፍ ብዬ ተቀመጥኩ። ለካ የሚፈልጋት አይላ ሥልሳ ዓመት አልሞላትም፤ ሰባት ወይ ስምንት ዓመቷ ነው፤ የፊት ጥርሷ ወልቋል። የእኔ ፊት ደግሞ የእሷን መንገድ የዘጋ የአሮጊት ፊት ነው። ቢያየኝ ቢያየኝ እሷን አያገኛትም። በራሴ ላይ እንደዚያ ቀን አዝኜ አላውቅም።

ለምን እንዳደረግሁት እስከ ዛሬ በደንብ ማስረዳት አልችልም። ተነሥቼ መሀረቡን ከቅርንጫፉ አወረድኩና ዓይኔን አሰርኩ። አባቴ ባያሳየኝ እግሬ ያስታውሰው ይሆናል ብዬ መሰለኝ። እጄን ወደፊት ዘርግቼ ወደ ጫካው ጥቂት እንደሄድኩ ሥር ጠለፈኝና በጉልበቴ ወደቅሁ።

"አባዬ!"

ሳላስበው ነው ያመለጠኝ። ከኋላዬ ፈጣን እርምጃ ሰማሁ። ከዚያ አንድ ሻካራ እጅ እጄን ያዘ።

"አንቺ ልጅ! ብቻሽን ሂጂ ያለሽ ማን ነው?"

አንቺ አለኝ። መተንፈስ እንኳ ፈራሁ።

"አመመሽ?"

"ትንሽ።"

"ሲዳን ይረሳል። እያየሽ ነው?"

"አላየሁም።"

"ይሄ ስንት ጣት ነው?"

"ሦስት" አልኩ በግምት።

"ሁለት ነው። ጎሽ፣ አላየሽም" አለና ቋጠሮውን ከኋላ ጠበቅ አደረገው። ድሮም እንዲሁ ነበር የሚፈትነኝ።

መራኝ። ፀሐይ ያሞቀው ድንጋይ ከእግሬ ሥር አለቀና መሬቱን እንደ ምንጣፍ የሸፈነው እርጥብ፣ ለስላሳ ሳር-ሽበት ጀመረ። ቀዝቃዛ አየር የሚወጣበት ጎድጓዳ ነበር፤ በቀኝ በኩል የምትንጠባጠብ ውሃ ነበረች፤ ቀጥሎ ትንሽ ዳገት። ሁሉም ሰውነቴ ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል። በየመካከሉ ቆም እያለ ጎንበስ ሲል ይሰማኝ ነበር፤ ከዚያ እጄን ዘርግቶ ቀጭን የሣር አገዳ አስጨበጠኝ። በጣቴ ዳበስኩት። የዱር እንጆሪ አንድ በአንድ ሰክቶበታል፤ እንደ ልጅነቴ።

"አሁን እንዳትበዪው፤ ስንጨርስ ነው" አለኝ። "ቦታውን ለማን ትናገሪያለሽ?"

"ለማንም።"

"ለኩስቲስ?"

"ለኩስቲም።"

"ከረሜላ ቢሰጥሽስ?"

"ከረሜላውን እቀበልና ረግረጉን አሳየዋለሁ።"

ሳቁ ጫካውን ሞላው። "የኔ ልጅ!" አለ። "ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ አይላዬ። ይቺን ብቻ አትርሺ።"

በስሜ ጠራኝ። ከፋሲካ ወዲህ ስጠብቀው የነበረውን ስሜን እዚያ ጫካ ውስጥ፣ ዓይኔ ታስሮ ሰማሁት።

"አባዬ፣ መሀረቡን መቼ ነው የምትፈታልኝ?"

"ትልቅ ስትሆኚ።"

"መቼ ነው ትልቅ የምሆነው?"

ትንሽ አሰበ። "እኔ ሳረጅ" አለ። "ገና ነው፤ አትቸኩዪ።"

አርጅተሃል እኮ አባዬ፣ ልለው ነበር።

ደረስን። ትከሻዬን ይዞ አንበረከከኝና ሁለት እጄን መሬት ላይ አሳረፈው። ከሳር-ሽበቱ መሐል ቀዝቃዛ፣ ጠርዛቸው የተጨማደደ እንጉዳዮች ጣቴን ሞሉት፤ እንደ ኮክ ያለው ሽታቸውም አወደኝ። በግራ በቀኝ ብዳብስ ማለቂያ የላቸውም። ከመሀረቡ ሥር፣ ከአፍንጫዬ ግራና ቀኝ፣ ቀጭን ብርሃን ይገባል፤ አንገቴን ጥቂት ቀና ባደርግ ዙሪያውን ማየት እችላለሁ። ስልኩም ኪሴ ውስጥ ጭኔን ይቆረቁረኛል፤ አንዴ ጫን ማድረግ ብቻ ነው፤ አባቴ ሰኞ አረጋውያን ቤት ከገባ በኋላ ማንም በማያውቀው ቦታ ላይ ተንበርክኬያለሁ።

እጄ ወደ ኪሴ ሄዶ ነበር፤ አልዋሽም። ግን አባቴ አጠገቤ ተንበርክኮ እየለቀመ በአፍንጫው ያንጎራጉር ነበር፤ ልጁ እንደማታታልለው እርግጠኛ ሆኖ። ያቺን የስልኩን ጉብታ ብጫናት እውነትም የኩስቲ ሚስት መሆኔ ነው። ቀና ብዬ ባይ ደግሞ ያየኛል፤ ትንሿ አይላም ትሄዳለች፤ እሱም ከእንግዳ አሮጊት ጋር ጫካ መሐል ብቻውን ይቀራል። ቦታውንና እሱን አንድ ላይ ማግኘት እንደማልችል ገባኝ። እጄን ከኪሴ አወጣሁና ከመሀረቡ በታች ዓይኔን ጨፈንኩ።

ለቀምን። ትንንሾቹን ለነገ ተያቸው አለኝ፤ ተውኳቸው። እናትሽ በቅቤ ትጠብሳቸዋለች አለኝ፤ እናቴ ከሞተች ቆይታለች፤ እሺ አልኩት። ብዙ ነገር አወራኝ፤ ጥርሴ መቼ እንደሚበቅል፣ ክረምት ሲመጣ በረዶው ላይ እንደሚያሸራትተኝ። ሁሉንም እሺ አልኩት። ያን ያህል ደስ ብሎኝ፣ ያን ያህልም አልቅሼ አላውቅም፤ መሀረቡ እንባውን ጠጣልኝ።

አገዳውን እንደገና አስጨብጦ በመጣንበት መለሰኝ፤ ወይም ሆን ብሎ አዟዙሮ ይሆናል፤ ድሮም ያደርገው ነበር። የሐይቁ ድምፅ ሲቀርብ እርምጃዬን አዘገየሁ። እሱ ግን የሞላ ቅርጫት የያዘ ሰው ነው፤ ይቸኩላል። ሞቃቱ ድንጋይ ላይ አቆመኝና ፊቴን ወደ ውሃው አዞረ።

"ደረስን" አለና ቋጠሮውን ፈታው።

ሐይቁ ፊቴ ላይ ቦግ አለ። አልዞርኩም። ጀርባዬን እንደሰጠሁት፣ ጀልባዋን እያየሁ፣ የቻልኩትን ያህል ቆምኩ። እሱ መሀረቡን ሲያጣጥፍ ይሰማኛል። ከዚያ ቅርጫቱን ሊያሳየኝ ዞሮ ከፊቴ መጣ፤ ፈገግታውም እንዳለ ፊቱ ላይ ደረቀ።

"ወይዘሮ ላህያ?" አለ። ቅርጫቱን ቶሎ ብሎ በኮቱ ሸፈነው። "እርስዎ ደግሞ ከየት መጡ?"

አንድ እርምጃ ወደኋላ አልኩ።

"ልጄን አላዩም? አሁን እዚህ ነበረች። እጇን ይዤ ነበር።" ወደ ጫካው፣ ወደ ውሃው፣ ወደ ጀልባዋ ተገላምጦ ፈለገኝ። ከዚያ ዓይኑ እጄ ላይ አረፈ። እንጆሪ የተሰካበት የሣር አገዳ እስካሁን እጄ ላይ ነበር።

"ይሄ የልጄ ነው" አለ፤ ድምፁ ጠነከረ። "ከየት አገኙት?"

"መሬት ላይ ወድቆ" አልኩት።

ከጣቴ መሐል በጥንቃቄ አወጣው። አንድ ፍሬ መርገፍ አለመርገፉን አየ፤ ሙሉ ነበር። ጀልባዋ ውስጥ ገብተን ልንሄድ እንደሚገባ፣ ነፋሱም እየደከመ እንደሆነ ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ።

"ልጄን ትቼማ አልሄድም። የት ሄዳ ይሆን?"

"አይቻታለሁ" አልኩት። "በዚያ በኩል ስትዋኝ ነበር። ትመጣለች።"

"ብቻዋን?"

"ጎበዝ ዋናተኛ ናት። አባቷ ነው ያስተማራት።"

ይሄ አጽናናው። ድንጋዩ ላይ ተቀመጠና አጠገቡ ቦታ ለቀቀልኝ። "እንግዲህ ትንሽ ይታገሡ፣ ወይዘሮ ላህያ" አለኝ። "ዝም ብላ የምትጠፋ ልጅ አይደለችም።" አገዳውን ፀሐይ እንዳይመታው በመዳፉ ጋርዶ ያዘው። ሸራው ተንጠልጥሎ ቀርቷል፤ ውሃውም ጸጥ ብሏል። ሁለታችን ጎን ለጎን ተቀምጠን እኔን መጠበቅ ጀመርን።